የባጃጁ ፍሬቻ ጆሮ ሲወጋ፦ ሽቦውን ሳይቆርጡ ጩኸቱን ማብረድ

ጎንደር ላይ ባጃጅ የተሳፈረ ሁሉ ያን ድምፅ ያውቀዋል። ሹፌሩ ፍሬቻ ባበራ ቁጥር ከመሪው ሥር «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ» የሚል ቀጭን ጩኸት ይነሣል። ከፒያሳ ወደ ማራኪ ሲወርድ «ወራጅ አለ» በተባለበት ሁሉ ይቆማል። ዳር ለመያዝ የቀኝ ፍሬቻ፣ ተነሥቶ መንገድ ለመግባት ደግሞ የግራ ፍሬቻ ያበራል። ተሳፋሪው ለአሥር ደቂቃ ታግሦ ይወርዳል። ሹፌሩ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያ ጩኸት ጋር ነው የሚውለው። ስለዚህ አንድ ቀን ይመረውና ሽቦውን በፒንሳ ይቆርጠዋል። ጆሮው ያርፋል። በማግስቱ ግን የቀኝ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም እያለ ሳያውቀው ሁለት ሦስት ሰፈር አቋርጦ ይሄዳል።

ይህን የምጽፈው ሁለቱንም ማዳን ስለሚቻል ነው፤ የሹፌሩንም ጆሮ፣ የመንገዱንም ሰው። ሥራው ርካሽ ነው፣ አብዛኛው ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም። የሚያስፈልገው ባዘሩ፣ ያን ጩኸት የሚያወጣው ትንሽ ዕቃ፣ ለምን እንደተገጠመና ለምን እንዲህ እንደሚጮህ ማወቅ ብቻ ነው።

ባዘሩ ለምን ተገጠመ?

የቤት መኪና ላይ ፍሬቻ ራሱን ያጠፋል። መሪው ተጠምዝዞ ወደ ቦታው ሲመለስ ከመሪው ዘንግ ጋር የሚዞር ትንሽ ጥርስ የፍሬቻውን እጀታ ገፍቶ ወደ መሐል ይመልሰዋል። አሜሪካ ውስጥ ቡዊክ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1940 መኪኖቹ ላይ ገጥሞ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቶ ዛሬ መኪና የሚነዳ ሰው ፍሬቻ ማጥፋት የሚባል ሥራ ስለመኖሩ እንኳ አያስብም።

ባጃጅና ሞተር ሳይክል ላይ ግን ይህ ጥርስ የለም። መሪያቸው በሁለት እጅ የሚያዝ እጀታ ነው። ለአንድ ኩርባ የሚዞረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ማብሪያውን ገፍቶ የሚመልስ ነገር ለመግጠም አይመችም። ሹፌሩ በአውራ ጣቱ ያበራል፣ በአውራ ጣቱ ያጠፋል። ከረሳ የሚያስታውሰው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ከፊቱ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት፣ ሁለተኛው ድምፁ። በጎንደር የቀትር ፀሐይ፣ ፊቱና ጎኑ ክፍት በሆነ ተሽከርካሪ ላይ ያቺ መብራት መብራቷም አይለይ። የሚቀረው ድምፁ ነው።

ይህ ጣጣ የባጃጅ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር «ኪት ካር» የሚባሉ፣ ባለቤቱ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ ራሱ የሚገጣጥማቸው መኪኖች አሉ። ከሁሉም ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ሎተስ ሰቨን ነው። በዚያን ጊዜ ሙሉ መኪና ላይ የሚጣለው የግዢ ታክስ ተፈታቶ በሚሸጠው ላይ ስለማይጣል ብዙ ሰው ራሱ ገጣጥሞታል፤ ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ኬተርሃም የተባለው ድርጅት ነው የሚሠራው። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ፍሬቻው ብዙ ጊዜ የሚበራው ዳሽቦርዱ ላይ ባለ ተራ ማብሪያ ነው። ከመሪው ጋር ስላልተያያዘ ራሱን አያጠፋም። ጣሪያ ስለሌለውም አመልካች መብራቷ በፀሐይ አትታይም። እናም ገጣጣሚዎቹ ባዘር ይጨምራሉ፣ ከዚያም ጩኸቱ ያስመርራቸዋል። እነሱ የደረሱባቸው ዘዴዎች ባጃጅ ላይም እንዳሉ ይሠራሉ፤ ባትሪው 12 ቮልት፣ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ፍላሸርም አሠራሩ አንድ ነውና።

የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 48 የሚባለው የተሽከርካሪ መብራት ደንብ፣ ለመኪኖች፣ ፍሬቻ በደቂቃ 90 ጊዜ ብልጭ እንዲል ያዛል፤ 30 ከፍ ወይም 30 ዝቅ ሊል ይችላል። ፍሬቻው መብራቱን ለነጂው የሚነግር ምልክትም የግድ ነው። ምልክቱ በመብራት፣ በድምፅ ወይም በሁለቱም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አስቡት። አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ እስኪሞላ ፍሬቻውን አብርቶ ሁለት ደቂቃ ቢቆም ባዘሩ 180 ጊዜ ገደማ ይጮኻል ማለት ነው። ሰው ቢማረር አይፈረድበትም።

ፍሬቻ ተረስቶ ሲቀር የሚመጣውን ነገር ግን አቅልለን እናየዋለን። እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው። የቀኝ ፍሬቻው በርቶ የቀረ ባጃጅ ቀጥ ብሎ እየመጣ ነው እንበል። ከፊቱ፣ በቀኝ በኩል ካለች ውስጥ ለውስጥ መንገድ አፍ ላይ አንድ ሚኒባስ ለመውጣት ይጠብቃል። የሚኒባሱ ሹፌር ፍሬቻውን ያያል፤ «ወደ እኔ መንገድ ሊታጠፍ ነው» ብሎ ይወጣል። ባጃጁ አይታጠፍም። የሚመታው ደግሞ ከስስ ቆርቆሮና ከሸራ ሌላ መከላከያ የሌለው ነው፤ ውስጡም ሦስት ሰው ተቀምጧል። በግራ በኩል የተረሳውም ያው ነው፤ ከኋላ የሚመጣው ሞተረኛ «ወደ ግራ ሊገባ ነው» ብሎ በቀኙ ሾልኮ ሊያልፍ ሲሞክር ባጃጁ ወራጅ ለማውረድ ወደ ቀኝ ይጠጋል። ሽቦው አይቆረጥ የምለው ለዚህ ነው።

ይህን ያህል የሚጮኸውስ ለምንድን ነው?

አብዛኞቹ ባዘሮች ውስጥ ያለው ስስ የነሐስ ሳህን ላይ የተለጠፈ የሴራሚክ ክብ ነው፤ ፒዬዞ ይባላል። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፤ ሳህኑን ይዞ በሴኮንድ ከ2,000 እስከ 4,000 ጊዜ ይርገበገባል። የሰው ጆሮ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚሰማው በዚሁ አካባቢ ያለውን ድምፅ ነው፤ ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ። ስለዚህ ከባትሪው የሚወስደው ኃይል ኢምንት ሆኖ ሳለ ጆሮ ላይ የሚያደርሰው ትልቅ ነው። አምራቾቹ ይህን የመረጡት አውቀው ነው፤ የሞተሩንና የነፋሱን ድምፅ ሰንጥቆ እንዲሰማ። ባጃጁ ቆሞ ሞተሩ ሲረጋ ግን ያው ድምፅ ብቻውን ቀርቶ ያንባርቃል።

ዕቃው ላይ የተጻፈውን የዴሲቤል፣ ማለት የድምፅ ኃይል መለኪያ፣ ቁጥር ማንበብ ይጠቅማል። ለምሳሌ «95 ዴሲቤል፣ 10 ሳ.ሜ» የሚል ካለ፣ ልኬቱ የተወሰደው አሥር ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ስድስት ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በአሥር እጥፍ ሲጨምር ሃያ። ስለዚህ ይኸው ባዘር አንድ ሜትር ላይ 75 ዴሲቤል ገደማ ነው። አሥር ዴሲቤል የቀነሰ ድምፅ ለጆሮ በግማሽ ያህል የበረደ ሆኖ ይሰማል። ይህን ከያዝን፣ ሃያ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ማራቅና ቀዳዳውን በከፊል መሸፈን ብቻውን ጉዳዩን እንደሚጨርሰው እናያለን።

አንድ ስሕተት ግን ደጋግሞ ያጋጥማል። የፍሬቻ ባዘር ሲጠፋ ለከባድ መኪና የኋላ ማርሽ የሚገጠመውን ጩኸት ገዝቶ መግጠም። ያ ዕቃ የተሠራው ከመኪናው ኋላ፣ ውጭ ለቆመ ሰው ነው። እንደ ደረጃው 1.2 ሜትር ርቀት ላይ ከ97 እስከ 112 ዴሲቤል የሚጮኹ አሉ። ያንን ከሹፌር ጉልበት አጠገብ መግጠም በሰው ላይ መፍረድ ነው። ባዘራችሁ ከትልቅነቱ ሌላ ብረት እግር ያለው፣ በብሎን የሚታሰር፣ ወፍራም ጎማ የለበሰ ከሆነ ይህኛው መሆኑን ጠርጥሩ። ማብረድ ላይ አትድከሙ፤ አውጥታችሁ ቀይሩት።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚተወው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ወጣቱን ተሳፋሪ የሚወጋው ጩኸት ስድሳ ዓመት ለሞላቸው ሹፌር ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጎልቶ ላይሰማቸው ይችላል። እሳቸው ይበልጥ የሚጮኽ ይገዛሉ፣ ተሳፋሪው ይበልጥ ይሰቃያል። ለእሳቸው የሚሻለው ከፍ ያለ ድምፅ ሳይሆን ወፈር ያለ ድምፅ ነው። አንድ ሺህ ሄርዝና ከዚያ በታች የሚያወጣ ባዘር፣ ወይም «ቀጭ ቀጭ» የሚል ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

መጀመሪያ ፊቱን ማየት

አውቶፓርኮ አካባቢ አንድ የአውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይህን ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ልጅ እግር ሹፌር ባጃጁን አቁሞ መጣ።

«አያ፣ ይቺን ነገር ቁረጡልኝ እስኪ። ራሴን አዞረችው።»

«ምን አጠፋች ልጄ? ቆይ ፊቷን እንያት።»

የፊቱን ክዳን በካቻቢቴ ፈተው አነሡት። ባዘሩ ክብ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም አይበልጥ፣ መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ፣ ቀይና ጥቁር ሁለት ሽቦ። ቀዳዳው ቀጥታ ወደ ሹፌሩ ጉልበት ዞሯል። ፍሬቻውን አብራ አሉትና ቀዳዳውን በጣታቸው ጫፍ ከደኑት። ጩኸቱ ወዲያው ወርዶ እንደ ታፈነ «ድጥ ድጥ» ሆነ። ጣታቸውን አነሡ፣ እንደገና ወጋ። ልጁ ሳቀ።

ከዚያ ናስትሮ ቆርጠው ቀዳዳው ላይ አንድ ድርብ ለጠፉ፣ በላዩ ሌላ ድርብ። በመርፌ ጫፍ አንዲት ነጥብ በሱበት። ባዘሩን ገልብጠው ቀዳዳውን ወደ ታች፣ ጀርባውን ወደ ሹፌሩ አደረጉና በስፖንጅ ቁራጭ ጠቅልለው መልሰው አሰሩት። «ሞተሩን አስነሥተህ አንድ ዙር ዙርበት፤ ካልሰማኸው አንዱን ድርብ አነሣልሃለሁ» አሉት። ዞሮ ሲመለስ ራሱን ነቀነቀ። ይሰማዋል፤ አይወጋውም።

እያንዳንዷ እርምጃ ምክንያት አላት። በፕላስቲኩ ክዳንና በሳህኑ መካከል ያለው ባዶ ቦታና ቀዳዳው ድምፁን ለማጉላት ተለክተው የተሠሩ ናቸው፤ ቀዳዳውን ስትከድኑት ልኬቱ ይፈርሳል፣ ዋሽንት ላይ ጣት እንደማሳረፍ ነው። ማዞሩም የሚሠራው ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ነው። የ3,000 ሄርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ርዝመቱ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለ አጭር ሞገድ ትንሽ መከለያ ያግደዋል፣ ስፖንጅ ይውጠዋል። ወፍራም ድምፅ ቢሆን ኖሮ ዞሮ ይመጣ ነበር። ቀዳዳው ወደ ታች መሆኑ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውኃ እንዳይሞላው ያደርጋል።

ሲሊኮን ወይም ማስቲሽ ወደ ውስጥ መጨመር ግን አይገባም። ሳህኑ መርገብገብ ስለማይችል ድምፁ ጨርሶ ይጠፋል፣ መመለሻም የለውም። ናስትሮ ሲያረጅ ይላጣል፣ ይቀየራል።

ሬዚስተር

ናስትሮው ካልበቃ፣ ወይም ባዘሩ የማይደረስበት ቦታ ከሆነ፣ በአንደኛው ሽቦ መሐል ሬዚስተር፣ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ ማስገባት ይቻላል፤ ተቃውሞው በኦም ይለካል። ስሌቱ ቀላል ነው። ባዘሩ በ12 ቮልት 12 ሚሊ አምፒር የሚወስድ ከሆነ ለባትሪው እንደ 1,000 ኦም ያህል ነው። አንድ የ1,000 ኦም ሬዚስተር ስትጨምሩ ቮልቱን ሁለቱ እኩል ይካፈሉታል፤ ለባዘሩ ስድስት ገደማ ይደርሰዋል፣ ድምፁም በስድስት ዴሲቤል አካባቢ ይወርዳል። ከ470 ኦም ጀምሮ 1,000፣ ከዚያ 2,200 እየሞከሩ ማየት ነው። የሩብ ዋት ሬዚስተር ይበቃል፤ የሚያልፍበት ኃይል ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ከመጠን በላይ ከሄዳችሁ ግን ባዘሩ ለመነሣት የሚበቃ ቮልት ያጣና አንዴ እየጮኸ አንዴ እየተወ ያስቸግራል። ያን ጊዜ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው። የቆየ፣ ጥቅል ሽቦ ያለውና እንደ ንብ የሚያጉረመርም ባዘር ከሆነ ብዙ አምፒር ስለሚወስድ ሬዚስተሩም ያነሰ ኦም መሆን አለበት።

ሬዚስተሩን በካውያ በይዳችሁ በናስትሮ አሽጉት። ጠምዝዞ መተው በጎንደር ኮረብታና በኮብልስቶን ንቅናቄ ብዙ አይሰነብትም።

ከሁሉ የምወደው ዘዴ

ጩኸቱ የሚያስመርረው ቆሞ ሲጠብቁ ነው። አደባባይ ላይ፣ ትራፊክ አግዶ ሲያቆም፣ ተሳፋሪ ሂሳብ ሲፈልግ። ያን ጊዜ ማስታወሻው አያስፈልግም፤ ሹፌሩ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ እየጠበቀ ነው፣ ፍሬቻው በርቶ መሆኑንም ያውቃል። ማስታወሻው የሚያስፈልገው ተነሥቶ ሲሄድ ነው። እንግዲያው ፍሬን ሲያዝ ዝም የሚል፣ ፍሬን ሲለቀቅ የሚናገር ባዘር ቢኖርስ? ከሁለት ዳዮድ በቀር ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ፣ ሽቦ አዘዋውሮ ብቻ ይሆናል።

በመጀመሪያ ግን ስለ ዳዮድ። ባዘሩ በግራም በቀኝም ፍሬቻ መጮኽ ስላለበት ከሁለቱም መስመር ኃይል ይወስዳል። ሁለቱን ሽቦ እንዲሁ አንድ ላይ ብታስሯቸው የግራው ኤሌክትሪክ ወደ ቀኝ ያልፍና አራቱም ፍሬቻ አብረው ብልጭ ይላሉ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ እንዲህ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ፣ ይኸው ነው። መፍትሔው በየሽቦው ላይ አንድ አንድ ዳዮድ ማስገባት ነው። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። 1ኤን4007 የሚባለው በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አለ፤ አንድ አምፒር ይችላል፣ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ነጩ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ባዘሩ ይዞራል። ሁለቱ ቀለበት ያለባቸው ጫፎች ተገናኝተው ወደ ባዘሩ ቀይ ሽቦ ይገባሉ።

አሁን ጥቁሩ ሽቦ። በተለመደው አገጣጠም ቦዲ ላይ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ በታሰረበት የባጃጁ ብረት ላይ፣ ይታሰራል። በዚህኛው ግን ከቦዲው ተፈቶ ወደ ፍሬን መብራቱ ከሚሄደው ሽቦ ጋር ይገናኛል፤ ፍሬን ሲረገጥ 12 ቮልት ከሚመጣበት ጋር።

ሹፌሩ ፍሬን ሳይዝ ፍሬቻ ሲያበራ ምን ይሆናል? ኤሌክትሪኩ ባዘሩን አልፎ፣ በፍሬን አምፖሉ ክር በኩል ወደ ቦዲ ይወርዳል። ያልበራ አምፖል ክር ተቃውሞው ኢምንት ነው፤ ባለ 21 ዋት አምፖል ሲበራ 7 ኦም ገደማ ነው፣ ቀዝቅዞ ሳለ ደግሞ ከዚያ አንድ አሥረኛ አካባቢ። ለባዘሩ ቦዲ ላይ እንደታሰረ ያህል ነው፣ ይጮኻል። አምፖሉ ግን አይበራም፤ የምታልፍበት ጥቂት ሚሊ አምፒር ክሩን አታሞቅም። ፍሬን ሲረገጥስ? ጥቁሩ ሽቦ ላይ 12 ቮልት ይመጣል። በቀዩም 12፣ በጥቁሩም 12። በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም፣ ስለዚህ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የለም። ባዘሩ ዝም ይላል። ፍሬቻው ግን ብልጭታውን አያቋርጥም። ፍላሸሩ በየመሐሉ ሲያጠፋ ኤሌክትሪኩ በባዘሩ በኩል ወደ ኋላ እንዳይሮጥ የሚያግዱት እነዚያው ሁለት ዳዮዶች ናቸው።

ይህን ዘዴ ስገልጽ ደስ ይለኛል፤ ከዳዮዶቹ በቀር ምንም ሳይጨመር፣ ባለው አምፖል የሹፌሩን ፍላጎት በትክክል ያደርሳል። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። የፍሬን መብራቱ በኤልኢዲ ተቀይሮ ከሆነ አይሠራም፤ ኤልኢዲ እንደ አምፖል ክር አያሳልፍም፣ ባዘሩ ይዳከማል ወይም ጨርሶ አይሰማም፣ ኤልኢዲውም ፈዘዝ ብሎ ብልጭ ሊል ይችላል። ሁለተኛው፣ በእጅ ፍሬን ለቆመ ባጃጅ ዝም አይልም፤ የእጅ ፍሬን መብራት አያበራምና። በዳገት ላይ በእጅ ፍሬን አስሮ የሚጠብቅ ሹፌር ይህን ይወቅ።

ገንዘብ ለማውጣት ለተዘጋጀ ደግሞ ሌላ አማራጭ አለ። ፍሬቻው ከበራ ከ15 ወይም ከ20 ሴኮንድ በኋላ ብቻ ባዘሩን የሚያነሣ ሰዓት ቆጣሪ። መታጠፍና ዳር መያዝ ከዚያ በፊት ያልቃል፤ የሚጮኸው በእውነት ሲረሳ ብቻ ነው። ሠሪው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፍላሸሩ ኃይሉን በየብልጭታው ስለሚያቋርጥ ቆጣሪው በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል። በመሐል ኃይል የሚይዝለት ካፓሲተር ካልተጨመረለት ዕድሜ ልኩን አይጮኽም።

ባዘሩ ለብቻው ካልተገኘ

አንዳንድ ጊዜ ክዳኑን ከፍታችሁ ባዘር የሚባል ነገር አታገኙም። ድምፁ የሚወጣው ከራሱ ከፍላሸሩ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሣጥን ተሠርተዋል። ያን ጊዜ ዝም የሚል ፍላሸር መግዛትና ባዘር ለብቻው መግጠም ይሻላል። ስትገዙ ግን የአሮጌውን ጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ። ቮልቱና ዋቱ መመሳሰል አለበት። ሞተር ሳይክል ላይ አምፖሎቹ ብዙ ጊዜ 10 ዋት፣ መኪና ላይ 21 ዋት ናቸው፤ የመኪና ፍላሸር ለትንሽ አምፖል ብትገጥሙ ምቱ ይዛባል።

ምቱን ማዳመጥ መልመድ በራሱ ጥቅም አለው። ፍላሸሩ የአምፖሎቹን ጭነት የሚለካ ዓይነት ከሆነ፣ አንዱ አምፖል ሲቃጠል ብልጭታው ይፈጥናል፤ ባዘሩም አብሮ ይፈጥናል። በግራ በኩል ደህና፣ በቀኝ በኩል ፈጣን ከሆነ በቀኝ ከፊት ወይም ከኋላ አንድ አምፖል ጠፍቷል ማለት ነው። ወርዶ ማየት። አምፖሎቹ ሁሉ በኤልኢዲ ተቀይረው ከሆነ ደግሞ ጭነቱ ስለሚያንስ ምንም ሳይቃጠል ሁለቱም በኩል ይፈጥናል፤ ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር ይቀየርለታል። ባዘሩ እየደከመና እየዘገየ ከሄደ ባትሪውን ወይም ቦዲ ላይ የታሰረውን ሽቦ መፈተሽ ነው፤ ዝገት ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ሽቦውን ቀደም ሲል የቆረጠ ሹፌር ካለ ዛሬውኑ ጫፉን ያሽግ። ራቁቱን የተንጠለጠለ ሽቦ ቦዲ ሲነካ ፊውዝ ያቃጥላል፤ በብዙ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ላይ በአንድ ፊውዝ የሚሠሩ ነገሮች ብዙ ናቸው። ፍሬቻው፣ ክላክሱና የፍሬን መብራቱ በአንድ ጊዜ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ይህ በማታ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ከሆነ አደጋው ግልጽ ነው።

የኤሌክትሪክ ባጃጅ ለያዙ

የኤሌክትሪክ ባጃጅ የሚነዱ ሰዎች ቅሬታ ይብሳል፤ እውነታቸውን ነው። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ባዘሩን የሚሸፍንለት ነገር የለም። ለነዳጅ ባጃጅ የተመጠነ ጩኸት እዚህ ላይ ትርፍ ነው። ናስትሮውና ሬዚስተሩ እዚህም ይሠራሉ፣ እንዲያውም አብልጠው ማብረድ ይቻላል።

የሚለየው ቮልቱ ነው። የእነዚህ ባጃጆች ዋና ባትሪ 48፣ 60 ወይም 72 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ መብራቶቹ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ወደ 12 በሚያወርድ መቀየሪያ በኩል ነው። አዲስ ባዘር ከመግጠማችሁ በፊት ሽቦው ላይ ያለውን ቮልት በቴስተር ለኩ። ከዋናው ባትሪ በቀጥታ የወሰደ ባለ 12 ቮልት ባዘር ወዲያው ይቃጠላል፤ ከዚያም በላይ 72 ቮልት በእርጥብ እጅ የሚነካ ነገር አይደለም። ዋናውን ማብሪያ ሳያጠፋና የባትሪውን ሶኬት ሳይነቅል ማንም እጁን አያስገባ።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ቦታ ላይ ሞክሩት። አንደኛው ቆማችሁ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ሰው አስቀምጣችሁ ነው፤ ድምፁን ሳያሳድግ ስልክ ማውራት ከቻለ በዝቷል አይባልም። ሁለተኛው ሞተሩ በሚጨነቅበት ዳገት ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ ነው። ፍሬቻውን አብርታችሁ ባዘሩ ከሞተሩ ድምፅ ሥር ተለይቶ መሰማቱን አረጋግጡ። እዚያ ካልተሰማ አንድ ድርብ ናስትሮ ይነሣለት።